ድሬ ላይ ቤት የምትሠሩ፣ ቫክዩም ፓነሉን እዚያው ተዉት

ባለፈው የሰፈሬ ልጅ ከጀርመን ደወለና «ቫክዩም ፓነል የሚባለውን የሙቀት መከላከያ በኮንቴነር ልልክ ነው፣ ድሬ ሳቢያን ሰፈር የምሠራው ቤት ኤሲ አያስፈልገውም» አለኝ። አቦ ተው! አልኩት። እኔ ተቃጥዬበታለሁ።

ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ነገሩ እንደ ፔርሙዝ ነው፤ የደቀቀ የሲሊካ ዱቄት ይጠቀጠቅና አየሩ ተመጥጦ አሉሚኒየም በተቀባ ስስ ላስቲክ ይታሸጋል። አየር ከሌለ ሙቀት የሚሻገርበት መንገድ ይጠበዋል። 2 ሴንቲሜትሩ፣ ዓመታት ካለፉበት በኋላም ቢሆን፣ የ10 ሴንቲሜትር ተራ የፎም መከላከያ ሥራ ይሠራል።

ግን አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ በልኩ ታዝዞ ነው የሚመጣው። የእኔን ኮርኒስ ላይ አስነጥፌ ሳበቃ ኤሌክትሪሽያኑ ቬንትሌተር ሊሰቅል መጣና ድሪሉን ለቀቀው። እንደ ጡብ ደርቆ የነበረው ፓነል ላስቲኩ ረገበ፣ በቃ። አየር ከገባበት መከላከሉ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። በኤሌክትሪሽያኑ አልፈርድም፣ ማንም አልነገረውም፤ እኔም ገበያ ሄጄ ነበር።

ደግሞ በዩሮ የምትገዙት እኮ ቅጥነቱን ነው። አውሮፓ ውስጥ ግድግዳው በወፈረ ቁጥር ያቺ ጠባብ ክፍል ይበልጥ ትጠባለች፣ እዚያ ያዋጣል። ድሬ ግን በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል ድመት የምትራወጥበት ባዶ ቦታ አለ! 10 ሴንቲሜትር ሮክዎል፣ ማለት ከድንጋይ የሚሠራውን የመከላከያ ሱፍ፣ ብታነጥፉበት ማን ከለከላችሁ? ሮክዎል ያልኩት ፎም እሳት ስለሚወድ ነው፣ የኮርኒስ ውስጥ የሽቦ አዘረጋግ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ቆርቆሮውን ነጭ ቀቡት። የድሬ ፀሐይ የምትመታው ከላይ ነው። ከቆርቆሮው ሥር በሁለት ወገን የአየር መውጫ ተዉ፣ በምዕራብ በኩል ሰፋ ያለ በረንዳ፣ ግቢ ውስጥ ዛፍ። እዚያው ድሬ ከዚራ ሰፈር ላይ ነፍስ የሚዘራባችሁ ጥላው ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ጣጣው ይቀላል። ጀጎል ውስጥ ያለ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ከሆነማ ምንም አትለጥፉበት።

ልጁ ኮንቴነሩን ሰርዞታል። ቀድሞ የገዛውን አንድ ካርቶን ግን ለእናቱ ሱቅ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ሳጥን አሠራበት አልኩት፤ ክትባት ማጓጓዣ ሳጥን ውስጥም የሚገባው ይኸው ፓነል ነው። አናጢው ምስማር እንዳያስነካው ብቻ ራስህ ቁምበት።