‹‹ኧንዱ›› መቼ ነው ‹‹ፈታ›› የሚሆነው? ጥያቄና መልስ

በእንግሊዝኛ ዩ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኦ ተብሎ ስለሚጻፈው ‹‹ኧንዱ›› ስለተባለው ግስና ስለ ዘመዶቹ የደረሱኝን ጥያቄዎች ዛሬ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ሲነገር ድምፁ የሚጠብቀው መጨረሻው ‹‹ዱ›› ላይ ነው። ላለፈ ጊዜ ‹‹ኧንዲድ››፣ ከዚያም ‹‹ኧንደን›› ይሆናል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መዝገበ ቃላቴ ‹‹ኧንዱ›› ማለት ‹‹ፈታ›› ነው ይላል። ‹‹ጥያቄውን ፈታሁ›› ለማለት ‹‹አይ ኧንዲድ ዘ ኩዌስችን›› ብዬ ብጽፍ መምህሬ በቀይ ሰረዙብኝ። ምኑ ነው ስሕተቱ?

መልስ፦ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸህም፤ ግን ሁሉን አልነገረህም። የእኛ ‹‹ፈታ›› የማይገባበት ቤት የለም። የጫማ ክር ይፈታል፣ ላም ከጉረኖ ትፈታለች፣ እስረኛ ይፈታል፣ ትጥቅ ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ባልና ሚስትም ይፋታሉ። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁሉ ለአንድ ግስ አላሸከመም። እስረኛ ከሆነ ‹‹ሪሊስ››፣ ሕልም ከሆነ ‹‹ኢንተርፕሪት››፣ ትዳር ከሆነ ‹‹ዲቮርስ››፣ እንቆቅልሽና የሒሳብ ፕሮብለም ከሆነ ‹‹ሶልቭ›› ነው። ‹‹ኩዌስችን›› ካልክ ደግሞ ግሱ ‹‹አንሰር›› ይሆናል።

‹‹ኧንዱ›› የሚስማማው የታሰረ፣ የተቆለፈ ወይም የተሠራ ነገር ወደ ቀድሞ ሁኔታው ሲመለስ ነው፤ የጫማ ክር፣ ቋጠሮ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የተሰፋ ስፌት። የሒሳብ ጥያቄህን ማንም አላሰረውም። ተሳቢው ሰው ሲሆን ደግሞ ግሱ ይከፋል፤ ‹‹ሂዝ ፕራይድ ኧንዲድ ሂም›› ማለት ትዕቢቱ አጠፋው፣ ለውድቀት ዳረገው ማለት ነው። ‹‹ሚስቱን ፈታ›› ለማለት ‹‹ኧንዱ›› የሚል ሰው ሚስቱን ጉድ ሠራት፣ አጠፋት እያለ እንደሆነ ይወቅ።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ግስን ከተሳቢው ነጥሎ ስለሚሸመድድ ይመስለኛል፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ድካሙ አንድ ነው። ደብተርህ ላይ ‹‹ኧንዱ = ፈታ›› ብለህ ከምትጽፍ ‹‹ኧንዱ ኤ በተን፣ ኧንዱ ኤ ኖት›› ብለህ ጻፍ። መምህርህም ልክ ናቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ የነርስ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ልብስ ሳወልቅ የምለው ይጠፋኛል። ‹‹ኦፕን ዘ በተን›› ስል አንዲት ታካሚ ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ‹‹ኦፕን›› የመጣብሽ ከአማርኛው ነው፤ እኛ የበሩንም የሸሚዙንም ‹‹ቁልፍ›› ስለምንለው። እንግሊዝኛው የሚያየው ማያያዣውን ነው። ቁልፍ ከሆነ ‹‹ኧንበተን››፣ ዚፕ ከሆነ ‹‹ኧንዚፕ››፣ ዘለበት ከሆነ ‹‹ኧንበክል››፣ ክር ወይም ገመድ ከሆነ ‹‹ኧንታይ›› ትያለሽ። የትኛው እንደሆነ ሲጠፋብሽ ‹‹ኧንዱ›› ለአራቱም ያገለግላል። እጅሽን ከመዘርጋትሽ በፊት ‹‹አይም ጎኢንግ ቱ ኧንዱ ዩር ቶፕ በተን›› ብለሽ ንገሪያቸው፤ የላይኛውን ቁልፍዎን ልፈታልዎ ነው ማለት ነው። ሳይነገረው ልብሱን የሚፈቱበት አረጋዊ መደንገጡ አይቀርም።

ሥራሽ ላይ ከዚህ የሚብስ አንድ ልዩነት አለ። ‹‹ሉስን›› ማላላት እንጂ መፍታት አይደለም። ታካሚን ደግፈሽ ስታስነሺ ወገባቸው ላይ የሚታሰረውን ጌይት ቤልት አስቢ። ሰውየው ጠበቀብኝ ቢሉና ኃላፊሽ ‹‹ሉስን ኢት›› ብትልሽ፣ ዘለበቱን ጥቂት ታላልያለሽ እንጂ አትፈቺውም። ቆመው ሳለ ‹‹ኧንዱ›› መስሎሽ ብትፈቺው የምትይዢበት ነገር የለሽም፤ ሊወድቁ ይችላሉ። የተሽከርካሪ ወንበሩ ፍሬን ደግሞ ሲያዝ ‹‹ሎክ››፣ ሲለቀቅ ‹‹ኧንሎክ›› ወይም ‹‹ሪሊስ›› ነው፤ እዚያ ላይ ‹‹ኧንዱ›› አይባልም።

ጥያቄ፦ በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመውን የንጉሥ ጄምስን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአማርኛው ጋር እያስተያየሁ አነባለሁ። ኢሳይያስ ‹‹አይ አም ኧንደን›› ይላል። ነቢዩ ተፈታሁ ማለቱ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ጠፋሁ ማለቱ ነው። የኛው በምዕራፍ 6 ቁጥር 5 ‹‹ጠፍቻለሁና ወዮልኝ›› ይላል። ከላይ ለተማሪው ያልኩት የማጥፋት ትርጉም ይኸው ነው። የሚያስደንቀው፣ የዚህ ግስ ሦስት ፊቶች በዚያው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ መገኘታቸው ነው። እዚያው ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ቁጥር 6 ስለ እውነተኛ ጾም ሲናገር ‹‹ኧንዱ ዘ ሄቪ በርደንስ›› ይላል፤ ከባዱን ሸክም መፍታት ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 23 ቁጥር 23 ላይ ደግሞ ‹‹ሊቭ ዚ አዘር ኧንደን›› የሚል አለ፤ ይህ ሳይደረግ የቀረ ነገር ነው፣ አማርኛው ‹‹ሌላውን ሳትተዉ›› ይለዋል። አንዱ ‹‹ኧንደን›› ተሠርቶ የፈረሰ፣ ሌላው ከመጀመሪያውም ያልተሠራ። የሚለየው በዙሪያው ባሉት ቃላት ብቻ ነውና ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ‹‹ኧን›› የሚለው መነሻ ድርጊትን የሚገለብጥ ከሆነ ‹‹ኧንሉስ›› ማሰር መሆን የለበትም?

መልስ፦ ደንቡን ይዘው ከሄዱ እውነትዎን ነው። ቃሉ ግን ደንቡን አይከተልም፤ ‹‹ሉስ››ም ‹‹ኧንሉስ››ም መፍታት ናቸው። እዚህ ‹‹ኧን›› የሚያጠነክር እንጂ የሚገለብጥ አይደለም። በዚያው በ1611ዱ መጽሐፍ ሉቃስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 16 ላይ መጥምቁ ዮሐንስ የጫማውን ጠፍር መፍታት የማይገባኝ የሚለው በ‹‹ኧንሉስ›› ነው። ዛሬ በንግግር ብዙም አይሰማም፤ ‹‹ኧንዱ›› ወይም ‹‹ኧንታይ›› ይበሉ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ላይ ያለው ‹‹ኧንዱ››ስ?

መልስ፦ የመጨረሻውን ሥራህን መልስልኝ የሚል ትእዛዝ ነው፤ በዊንዶውስ ኮንትሮልና ዜድ፣ በማክ ኮማንድና ዜድ። በአማርኛ ‹‹ቀልብስ›› የሚለውን እኔ እወደዋለሁ፤ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቀለበሰ ስንል የኖርነው ስለሆነ ሥራው ላይ በትክክል ያርፋል። ‹‹ፍታ›› ቢባል ኖሮ ማንም አይገባውም ነበር። በጂሜይል የላካችሁትን ደብዳቤ ለመቀልበስ ግን ጊዜው አጭር ነው፤ በማስተካከያው ውስጥ ከ5 ሰከንድ እስከ 30 ሰከንድ መምረጥ ይቻላል። 30 አድርጉት።

ጥያቄ፦ ‹‹ሉስ›› እና ‹‹ሉዝ›› ሁሌ ይምታቱብኛል።

መልስ፦ ሁለት ኦ ያለው በ‹‹ስ›› ያልቃል፤ የላላ ማለት ነው፣ ሰፊ ሱሪ፣ የላላ ቡሎን። አንድ ኦ ያለው በ‹‹ዝ›› ያልቃል፤ ማጣት፣ መሸነፍ ወይም ክብደት መቀነስ ነው። ክብደት ቀንሰህ ሱሪህ ከላላ ሁለቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገቡልሃል።