አካውንቴ ቢዘጋ ተከታዮቼስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ዓመት የለፋሁበት ገጽ ባንድ ሌሊት ተዘጋብኝ። ይግባኝ ብልም መልስ የለም። ጓደኞቼ «ማስቶዶን ግባ፣ ብሉስካይ ግባ፣ እዚያ ማንም አይዘጋብህም» ይሉኛል። ነገሩ አዲስ ነው? እውነትስ ነው? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አራት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ያናድዳል። ማስቶዶንና ብሉስካይ እንደ ትዊተር አጭር ጽሑፍ የሚለጠፍባቸው ማኅበራዊ መረቦች ናቸው። ግን «ማንም አይዘጋብህም» ያሉህ ተሳስተዋል። እዚያም ሰርቨሩን (አካውንትህ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) የሚያስተዳድር ሰው አለ፣ ሊዘጋብህም ይችላል። ልዩነቱ፣ አንዱ ቤት ባይመችህ ሌላ ቤት ገብተህ ከዚያው ሰፈር ሰው ጋር ማውራትህን መቀጠልህ ነው። ከኢትዮ ቴሌኮም ሳፋሪኮም ላይ እንደምትደውለው ማለት ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። 1979 ላይ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ ዩዝኔትን አሰቡ፤ ኮምፒውተሮቹ በስልክ መስመር እየተደዋወሉ ጽሑፍ ይቀባበሉ ነበር፣ ማእከል የሚባል ነገር አልነበረውም። የማስቶዶን ቀጥተኛ አያት ግን አይደንቲካ ነው። ኢቫን ፕሮድሮሙ 2008 ላይ ካናዳ ሆኖ ከፈተው። ትዊተርን ይመስል ነበር፣ ሶፍትዌሩ ግን ለሁሉም ክፍት ስለነበር ማንም የራሱን ሰርቨር አቁሞ አይደንቲካ ላይ ያሉትን መከተል ይችል ነበር። 2010 ላይ ደግሞ አራት የኒውዮርክ ተማሪዎች ለዲያስፖራ (ስደተኛውን አይደለም፣ የማኅበራዊ መረብ ሶፍትዌሩን ነው) 10,000 ዶላር ከሕዝብ ለምነው ወደ 200,000 ገደማ አገኙ። ሰው በትልልቆቹ መረቦች ምን ያህል ተማርሮ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ማስቶዶንን ኦይገን ሮችኮ 2016 ላይ ጀርመን ውስጥ ለቀቀው። በጥር 2018 ሰርቨሮቹ የሚግባቡበት ቋንቋ፣ አክቲቪቲፐብ፣ የዓለም አቀፉ የድር ማኅበር ደረጃ ሆነ። ከጻፉት አንዱ ያው ፕሮድሮሙ ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ አልለቀቀውም፣ እኔ ይሄን ሰው በጣም ነው የማከብረው።

አንድ ታሪክ ግን እንዳትረሳ። የጉግል መልእክት መላላኪያ ጉግል ቶክ 2005 ላይ ጃበር በሚባለው ክፍት ፕሮቶኮል (ሰርቨሮች የሚግባቡበት ቋንቋ) ተነሳ። በዓመቱ በሩን ከፈተ፣ ጂሜይል ያለው ሰው ሌላ ሰርቨር ላይ ካለ ጓደኛው ጋር ያወራ ጀመር። 2013 ላይ በቦታው የጉግል ሃንግአውትስ ሲመጣ ግን ይሄ በር ቀረ፣ ትንንሽ ሰርቨር ላይ የነበሩት ሰዎችም ጉግል ዘንድ ካሉ ወዳጆቻቸው ጋር ተቆራረጡ። ክፍት ፕሮቶኮል ብቻውን አያድንም የምለው ለዚህ ነው፤ አብዛኛው ሰው አንድ ቤት ከተከማቸ፣ ቁልፉ የባለቤቱ ነው። የፌስቡክ ባለቤት የሜታ ማኅበራዊ መረብ ትሬድስ ወደ አክቲቪቲፐብ ሲገባ ብዙዎች የፈሩትም ይህንኑ ነው። ብሉስካይም ቢሆን (ሐሳቡን የትዊተሩ ጃክ ዶርሲ 2019 ላይ ነው ያወጀው፣ ያለ ግብዣ መግባት የተቻለው 2024 ላይ) ኤቲ በሚባል የራሱ ፕሮቶኮል ይሠራል፣ አብዛኛው ተጠቃሚ ግን አሁንም ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው።

ማስቶዶን ላይ ሰርቨር ስትቀይር ተከታዮችህ አብረውህ ይመጣሉ፣ የቆዩ ጽሑፎችህ ግን አይመጡም። ደግሞ ዝውውሩ የሚሠራው የድሮው ሰርቨር በሕይወት እያለ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት ሰርቨሩን ማን እንደሚያስተዳድረው፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍል «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ አንብብ። ከገባህ በኋላ ደግሞ የምትከተላቸውን ሰዎች ዝርዝር በየወሩ አውርደህ ፍላሽህ ላይ አስቀምጥ።