«የብርሃን ዓመት» ዓመት ነው ወይስ መንገድ?

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። የሥነ ፈለክንና የብርሃንን ምዕራፎች ከተማሪዎቼ ጋር ስንከልስ ሁለት ነገር አከራከረን። «ጨረቃ ታበራለች» ብሎ የጻፈ ተማሪ ተሳስቷል? ደግሞስ «የብርሃን ዓመት ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ ብዙዎቹ «ጊዜ ነው» አሉኝ፤ አንዱም «አንድሮሜዳ ከ2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በፊት ያለ ጋላክሲ ነው» ብሎ ጻፈ። ጥፋቱ የልጆቹ ነው ወይስ የቃሉ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ አጭሩን ላስቀድም። «ጨረቃ ታበራለች» ያለው ተማሪ በአማርኛው አልተሳሳተም። «ብርሃን» የግእዙ «በርሀ» ልጅ ነው፤ አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ሲጥለው ግሡ «በራ» ሆነ፤ ከእሱም «አበራ» እና «መብራት»፣ እንዲሁም ደመና የሌለበትን ሰማይ የምንጠራበት «ብራ» ወጡ። «አበራ» የሚለው ብርሃን ለተመልካቹ መድረሱን እንጂ ከየት እንደ መነጨ አይናገርም። ጨረቃ ከፀሐይ ከሚደርሳት ብርሃን ከመቶ 12 እጅ ያህሉን ብቻ ብትመልስም የሌሊት መንገደኛን ታበራለታለች። ጥያቄዎ ስለ ምንጩ ከሆነ «ታመነጫለች» እና «ታንጸባርቃለች» የሚሉትን አቅርበው ያስመርጡ፤ «ታበራለች»ን ግን በቀይ አይሰርዙባቸው። በዚሁ አጋጣሚ፣ ሥሩ ሀሌታው ሀ ስለሆነ «ብርሐን» ብሎ በሐመሩ ሐ መጻፍን አልቀበልም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ለብዙ ዘመን ሲከነክነኝ የኖረ ነው። «የብርሃን ዓመት» ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት እንጂ ጊዜ አይደለም፤ ጥፋቱ ግን የቃሉ ነው። በአማርኛ ዘርፍ ይቀድማል፣ ባለቤት ይከተላል፤ «የ»ን የተሸከመው ቃል ይገልጻል፣ መጨረሻ ላይ የቆመው ደግሞ ዋናው ነገር ነው። «የጥጋብ ዓመት»፣ «የድርቅ ዓመት»፣ «የአንበጣ ዓመት» ሁሉም ዓመት ናቸው፤ «የብርሃን ዓመት»ን የሰማ ልጅ ከእነዚህ ተርታ ቢያሰልፈው የቋንቋውን ሕግ አክብሮ ነው። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ሽማግሌ ቤት ገብተው «የብርሃን ዓመት ያድርግልዎ» ቢሉ «አሜን» ይባላሉ፤ ርቀት የሚታሰበው ሰው አይኖርም።

ርቀትን በጊዜ መለካት ለአማርኛ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ነገር ግን እኔ ባደግሁበት የጎጃም ገጠር ከዚህ የተለየ መለኪያ አልነበረም። አባቴ «ገበያው ስንት ይርቃል?» ለሚለው መንገደኛ ከመመለሱ በፊት ወደ እግሩ ይመለከት ነበር፤ እግረኛ ከሆነ «የአንድ ቀን መንገድ ነው»፣ በቅሎ ላይ ከሆነ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይለዋል። ልብ ይበሉ፤ በዚህ አነጋገር ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ተጓዡ፣ የሚፈጅበት ጊዜና «መንገድ» የሚለው ባለቤት። የሳይንሱ መለኪያ አሠራሩ ይኸው ነው፤ ተጓዡ ብርሃን፣ ጊዜው አንድ ዓመት። ቃሉን ወደ አማርኛ ያመጡት ሰዎች ግን ሁለቱን ወስደው ዋናውን፣ ባለቤቱን «መንገድ»ን ጣሉት።

«መንገድ» ራሱ የሚጣል ቃል አይደለም። ሥሩ ግእዙ «ነገደ» ነው፤ ትርጉሙም ተጓዘ፣ ደግሞም ሸቀጥ ይዞ ዞረ ማለት ነው። «ነጋዴ» የዚሁ ወገን ነው፤ ከሩቅ መጥቶ ደጃችን የሚቆመው «እንግዳ»ም እንዲሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ ጎጃም ከባሶ ገበያ ተነሥተው እስከ ምጽዋ ይዘልቁ የነበሩት ሲራራ ነጋዴዎች ርቀትን የሚቆጥሩት በቀን መንገድ ነበር፤ የአማርኛው የሉቃስ ወንጌልም በምዕራፍ 2 «የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ» ይላል። ዛሬ ለፕላኔቶች መዞሪያ የያዝነው «ምሕዋር» እንኳ ከግእዙ «ሖረ»፣ ማለትም «ሄደ» የወጣ ሲሆን በጥንቱ አገባቡ የጉዞ ርቀትንም ይገልጽ ነበር። ቦታው ባይያዝበት ለብርሃን መለኪያም ከእሱ የተሻለ ስም ባላገኘሁ።

«የሙያ ቃል በብያኔ ይጸናል እንጂ ትርጉሙን በራሱ መናገር አይጠበቅበትም፤ የውጭዎቹም ቋንቋዎች ብርሃንንና ዓመትን አጣብቀው ነው የሚጠሩት» የሚል ወገን አለ። ብያኔ እንደሚያስፈልግ አልክድም። ነገር ግን ብያኔው ከቃሉ ጋር ሲጣላ ተማሪው የሚያስታውሰው ቃሉን ነው። ማረጋገጫው «በፊት» ነው። «ከ2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በፊት» ለጆሮ ስለማይጎረብጥ ተማሪዎ ጻፈው፤ «የብርሃን የ2.5 ሚሊዮን ዓመት መንገድ» ብሎ ቢማር ኖሮ ግን «መንገድ» «በፊት»ን አያስጠጋትም፤ «ይርቃል»ን ይፈልጋል።

ለክለሳው የሚሆን ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል እስከ ደብረ ማርቆስ መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ያንን ርቀት በአንድ ሺኛ ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ ዓባይን መውረድና መውጣት የሚያውቅ ልጅ ይህን አይረሳም። ከዚያ ወደ ፀሐይ ይሻገሩ፦ የብርሃን የ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ መንገድ፤ ከእሷ ቀጥሎ ቅርባችን ወደሆነው ኮከብ ወደ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ደግሞ የ4 ዓመት ከ3 ወር ያህል መንገድ። ብርሃን መንገደኛ መሆኑም ከሥነ ፈለክ ነው የታወቀው፦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1676 ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር፣ አዮ የተባለችው የጁፒተር ጨረቃ የምትጋረድበት ሰዓት ምድር ከጁፒተር ስትርቅ እየዘገየ መምጣቱን አይቶ፣ ብርሃን ለመድረስ ጊዜ እንደሚፈጅበት አሳየ። «ዓመት» የተባለውም በልኬቱ 365 ቀን ከሩብ ነው፤ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን የምታደርገው የእኛው ዓመት በአማካይ ከዚሁ ጋር እኩል ነው። በዚህ ዓመት ሙሉ ብርሃን የሚሄደው 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም «የብርሃን ዓመት» በመማሪያ መጻሕፍት፣ በፈተና ወረቀትና በዜና መጽናቱን አውቃለሁ፤ «የብርሃን ዓመት መንገድ» የሚልም ከእኔ ሌላ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ደስ ባይለኝም ተማሪዎችዎ በፈተና ላይ የተለመደውን ይጻፉ። ሰሌዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፉት ግን «መንገድ»ን ከጎኑ ያኑሩልኝ።

አንድሮሜዳን «በፊት» ያለውን ተማሪም ጠርተው ያናግሩት። ዛሬ የምናየው የአንድሮሜዳ ብርሃን የተነሣው በእርግጥ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ልጁ የብርሃኑን መነሻ ጊዜ ከጋላክሲው ርቀት ጋር አደባለቀ እንጂ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ግማሽ ነጥብ ይገባዋል።