ቃሪያ ወደ አውሮፓ ለምትልከው ወንድሜ

«ከመቂ ቃሪያ ወደ ኔዘርላንድ ልልክ ነው፤ ፊቶሳኒተሪ ሰርተፍኬት ካወጣሁ ይበቃል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል፤ ምርቱ ከተባይና ከበሽታ ነፃ ነው የሚለውን የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ማለትህ ነው። አይበቃም ወንድሜ። ዋናው ነገር ሰርተፍኬቱ ላይ የሚጻፈው ነው። የላኪነት ፈቃዱንና የባንኩን ጣጣ ጨርሰሃል ብዬ ልቀጥል።

1ኛ፦ ሰርተፍኬቱ ላይ «ተጨማሪ መግለጫ» የሚል ቦታ አለ። ባዶውን እንዳይወጣ! አውሮፓውያን ቃሪያ ላይ የሚፈሩት ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ የሚባለውን ተባይ ነው፤ የእሳት ራት ዓይነት ሲሆን ትሉ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ይበላል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቃሪያው ከተባዩ ነፃ ከሆነ አካባቢ ወይም እርሻ መምጣቱ፣ አለዚያም ተባዩን በሚያስወግድ አሠራር ማለፉ እዚያ ቦታ ላይ መስፈር አለበት።

2ኛ፦ ትራንዚተር (የጉምሩክና የሰነድ ጉዳይ አስፈጻሚ) «እኔ እጨርስልሃለሁ» ቢልህ ለእሱ ብቻ አትተወው። ገዢዬ የላከልኝን የመግለጫ ጽሑፍ ቃል በቃል ጽፌ ለአንዱ ትራንዚተር ሰጠሁት። «ሁሌ የምናወጣው እንዲህ ነው» ብሎ ቦታውን ባዶ አስወጣው። ዕቃው እዚያ ደርሶ ተያዘ፣ ተወገደ። የማስወገጃው ሒሳብ ሳይቀር እኔ ላይ መጣ። ሰውዬው ግን ይቅርታ እንኳ ሳይል የአገልግሎት ክፍያውን ጠየቀኝ! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ራሴ ያዝኩት። የግብርና ባለሥልጣን የኳራንቲን (የዕፅዋት ተባይ ቁጥጥር) ባለሙያዎችን ገና ቃሪያው ሳይለቀም እርሻው ድረስ ወሰድኳቸው። የተባዩን መኖር ለማወቅ ወጥመድ ሰቀልን፣ መዝገብ ያዝን። የሚያሽጉትን ልጆች ከየካርቶኑ እየሰነጠቁ እንዲያዩ አሠለጠንኳቸው። ቃሪያው ከላይ ሲታይ ምንም የለበትም፤ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ታክላለች። ስትሰነጥቀው ግን ዘሩ መሃል ሮዝ መሳይ ትል ተጠቅልሎ ታገኛለህ። እዚያ አንዷ ከተገኘች ጭነቱ በሙሉ ይያዛል። ዛሬ ገዢዬ ሌላ ላኪ ሲፈልግ እኔን ነው የሚያማክረው፤ እኮራበታለሁ።

ቀኑንም ልብ በል። ሰርተፍኬቱ ዕቃው ከአገር ከመውጣቱ በፊት ባሉት 14 ቀናት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት። ክብደቱና የካርቶኑ ብዛት ከኢንቮይሱ ጋር አንድ ይሁን፤ ስርዝ ድልዝ ካለበት እዚያው አስለውጥ። የእንጨት ፓሌት ከተጠቀምክ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ የታከመ፣ መታከሙን የሚያሳየው ማህተምም ያለበት ይሁን።

ፎሶሊያም አስበሃል መሰለኝ። እሱ ላይ የሚያስቸግረው የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ነው። የተለየ ገደብ ያልወጣለት ኬሚካል በኪሎ ከ0.01 ሚሊግራም ካለፈ አውሮፓ አይገባም። የርጭት መዝገብህን ከዘር ጊዜ ጀምረህ ያዝ፤ የተረጨውን፣ ቀኑንና መጠኑን ጻፍ።