ጭስ ምርመራ የጣለው መኪና

ጥያቄ፦ የገዛሁት ያገለገለ የቤንዚን መኪና የቀድሞ ባለቤቱ የጭስ ማውጫውን ማኒፎልድ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ክፍል) በሄደር (ለየብቻ በተሠሩ ቱቦዎች)፣ የአየር ፊልትሮውንም ዘይት በሚቀባ ክፍት ፊልትሮ ቀይሮታል። በጭስ ምርመራ ካርቦን ሞኖክሳይድ በዝቶበት ወደቀ። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ) ልቀይር?

መልስ፦ አይቸኩሉ፤ ዕቃው ውድ ነው፣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ አዲሱም ይበላሻል። በመጀመሪያ የሄደሩን መጋጠሚያ ይፈትሹ። ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ክፍተት ካለ የውጭ አየር ይገባል፤ ሴንሰሩ ቤንዚን ያነሰ ይመስለዋል፣ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ የሚበዛው እንዲህ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ደጅ ላይ፣ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ይርጩና ያስነሱት፤ ረዳትዎ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝ። አረፋ ካወጣ ጋስኬቱን (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ) ይቀይሩ። ተራ ሲሊኮን መለጠፍ ዋጋ የለውም፣ ሙቀቱ ያቃጥለዋል።

ቀጥሎ የአየር መጠን ሴንሰሩ አለ። የፊልትሮው ዘይት ሽቦው ላይ ከተጋገረ ንባቡ ይዛባል፤ ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይጠቡት፣ በጣት አይንኩት።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሞተሩን አሙቀው ከኮንቨርተሩ ፊትና ኋላ ያሉትን የኦክስጅን ሴንሰሮች ያንብቡ። በተለመደው ዓይነት የፊተኛው ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ይዋዥቃል፤ የኋለኛው ረጋ ማለት አለበት። እሱም እኩል ከተዋዠቀ ኮንቨርተሩ ደክሟል።

የብልሽት ኮድ ለማጥፋት ብሎ በምርመራው ዋዜማ ባትሪ መንቀልማ ይቅርብዎ፤ የኮምፒውተሩ የራስ ፍተሻ ውጤት አብሮ ይሰረዛል።