ጠባብ ወንዝ፣ ትናንሽ ዓሣ፣ የመጀመሪያ የፍላይ ዘንግ፦ ስንት ቁጥር ልግዛ?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን በደንብ አነበብኩት። ባጭሩ ያልሽው፣ የምታጠምጂው ጠባብ ወንዝ ላይ ነው፣ ዳር ዳሩ ዛፍ ነው፣ ዓሦቹ ቢበዛ ስንዝር ተኩል ቢሆኑ ነው፣ ፍላይ (መንጠቆ ላይ ከላባና ከፀጉር የሚታሰር የነፍሳት አምሳያ) ወርውረሽ አታውቂም። አንዱ ሻጭ 9 ጫማ ባለ 6 ቁጥር ፈጣን (ጫፉ አካባቢ ብቻ የሚጎብጥ) ዘንግ ያዢ ለሁሉም ይሆናል አለሽ፣ ሌላው ደግሞ ለትንሽ ዓሣማ 6 ጫማ ባለ 2 ቁጥር ነው አለሽ፣ አንቺም ግራ ገባሽ። እኔ ዘንግ እሰራለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ጀማሪዎችንም አስተምራለሁ፣ መልሴ ሁለቱንም ተያቸው ነው። ባለ 4 ቁጥር፣ ከ8 እስከ 8 ጫማ ተኩል፣ አጎባበጡ መካከለኛ የሆነ ፈልጊ። ምክንያቱን ግን ልንገርሽ፣ እሱን ከያዝሽ ማንም አያወዛግብሽም።

ቁጥሩ የዓሣው መጠን አይደለም፣ የክሩ ክብደት ነው። በተራ ዘንግ ስትወረውሪ የሚበረው እርሳሱ ወይ ማባበያው ነው፣ ክሩን እሱ ይዞት ይሄዳል። ፍላይ ግን ላባና ፀጉር ነው ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ የሚወረወረው ራሱ ወፍራሙ ክር ነው፣ ፍላዩ ተጎትቶ ነው የሚሄደው። የክሩ የፊተኛው 9 ሜትር ገደማ ይመዘንና ቁጥር ይሰጠዋል፣ 4 ቁጥር 7.8 ግራም አካባቢ ነው፣ 5 ቁጥር 9.1፣ 6 ቁጥር 10.4። ዘንጉ ላይ 4 ተብሎ ከተጻፈ ይሄንን ክብደት አየር ላይ ይዞ በደንብ እንዲጎብጥ ተደርጎ ተሰርቷል ማለት ነው፣ ጎብጦ ሲመለስ ነው ክሩን የሚያስወነጭፈው።

አሁን ወደ ወንዝሽ እንምጣ። እዛ 9 ሜትር ክር መቼም አታወጪም። ዓሣው ያለው ካንቺ 6 ወይ 7 ሜትር ላይ ነው፣ ከዛ ላይ ሊደሩን (በወፍራሙ ክርና በፍላዩ መሃል የሚታሰረውን ቀጭን ክር) ቀንሺ፣ የዘንጉን ርዝመት ቀንሺ፣ ከዘንጉ ጫፍ የሚወጣው ወፍራም ክር 3 ሜትር ቢሆን ነው፣ ያውም የክሩ ጫፍ እየቀጠነ ስለሚሄድ ክብደቱ ከሙሉው ሲሶ አይሞላም። 10 ግራም እንዲሸከም የተሰራ ፈጣን ዘንግ በዚች ክብደት ንቅንቅ አይልም፣ ዱላ ይዞ እንደመወርወር ነው። ጀማሪ ደግሞ ዘንጉ አልጎብጥ ሲላት የምታደርገው ጉልበት መጨመር ነው፣ ጉልበት ሲጨመር ክሩ እግርሽ ስር ይከመራል፣ ሊደሩ ይቋጠራል፣ ፍላዩ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ከዛ "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ብለው የሚተዉ ሰዎች አሉ፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እጃቸው ምንም አልሆነም፣ መሳሪያው ነው ያልተስማማው።

መካከለኛ የሚባለው ከጫፉ እስከ ወገቡ ድረስ የሚጎብጥ ነው፣ ፈጣኑ ግን በብዛት ጫፉ አካባቢ ብቻ ነው የሚጎብጠው። መካከለኛው ቀስ ብሎ ስለሚመለስ ክሩ ከኋላሽ እስኪዘረጋ ለመጠበቅ ጊዜ ይሰጥሻል፣ እጅሽ ላይም ይሰማሻል። ስንዝር የምታክል ዓሣ እንኳን ስትይዢ ትግሏ በደንብ ይታወቅሻል፣ ቀጭኑን ክርም ቶሎ አይበጥስብሽም። ፋይበርግላስ ካገኘሽ አትናቂው፣ ከካርበን ትንሽ ይከብዳል ግን ተለማጭ ነው፣ ግጭትም የተሻለ ይችላል፣ ለእንደዚ አይነት ወንዝ እኔ በጣም ነው የምወደው።

ባለ 2 ቁጥሩስ? ጥሩ ነገር ነው ግን ለሁለተኛ ዘንግ። ትንሽ ነፋስ ሲመጣ ክሩ ይበተንብሻል፣ ፍላዩ ከበድ ወይ ሰፋ ካለም አይሸከመውም። ርዝመቱም ሌላ ችግር ነው፣ ሰው ዛፍ ስላለ አጭር ይሻላል ይላል፣ እውነትነት አለው፣ ግን 6 ጫማ ሲሆን ክሩን ከውሃው ከፍ አድርገሽ መያዝ አትችይም፣ ከዛ ወራጁ ክሩን ይጎትተዋል፣ ፍላዩም አብሮ ይጎተታል፣ ዓሣው ደግሞ እንደዛ የሚሮጥ ነፍሳት አይቶ ስለማያውቅ ይሸሻል። 8 ጫማ ላይ ሁለቱም ይታረቃሉ። ዛፉን ወደ ጎን በመወርወር ወይም ክሩን ወደ ኋላ ሳትለቂ ውሃው ላይ በማንከባለል ታልፊዋለሽ።

ሱቅ ስትሄጂ ዘንጉን ባዶውን አወዛውዘሽ አትወስኚ፣ ባዶውን ሁሉም ጥሩ ነው የሚመስለው። ሪል (የክር መጠቅለያው) እና ክር አስገጥመሽ ውጪ ላይ ከ5 እስከ 8 ሜትር ባለው ርቀት ወርውሪ፣ በትንሽ ጉልበት ክሩ ከተዘረጋልሽ እሱ ነው። ጫፉን በእጅ ይዘሽ አታጉብጪ፣ ሻጩም ሲያደርገው ካየሽ ያንን ዘንግ ተይው። መገጣጠሚያዎቹ እንዳይወላገዱ እይ፣ ቀለበቶቹ ውስጥ ጥጥ አሳልፈሽ ስንጥቅ ካለ ፈትሺ፣ አንዲት ስንጥቅ ክሩን ትጨርሰዋለች።

ሪል ላይ ብር አትጨርሺ፣ ለዚህ መጠን ዓሣ ሪል ክር መያዣ ነው፣ ቀላልና ከዘንጉ ጋር የሚመጣጠን ይሁን። ገንዘብሽን ክሩ ላይ አድርጊው፣ ካርቶኑ ላይ ደብሊው ኤፍ 4 ኤፍ የሚል ተንሳፋፊ ክር ማለት ነው። (ፈጣን ዘንግ ቀድሞ የገዛ ካለ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ክር ቢገጥምበት ቅርብ ርቀት ላይ በጣም ይሻሻልለታል።) ሊደሩ 7 ጫማ ተኩል፣ ጫፉ 5 ኤክስ፣ ውፍረቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኤክሱ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል እንዳትሳሳቺ። ፍላይ ከ12 እስከ 16 ቁጥር ይበቃሻል (ይሄኛው ቁጥር የመንጠቆው መጠን ነው፣ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)፣ የፍላዩን ቁጥር ለ3 ስታካፍይው የሚስማማውን ኤክስ በግምት ታገኚዋለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጥገና ከሚመጡልኝ የተሰበሩ ዘንጎች አብዛኞቹን ዓሣ አይደለም የሰበራቸው። የመኪና በር ነው፣ ወይ ላልቶ ሳይታይ የቀረ መገጣጠሚያ፣ ወይ ደግሞ ፍላዩ ቅርንጫፍ ሲይዘው ዘንጉን ወደ ላይ መሳብ። ሲይዝብሽ ዘንጉን ቀጥ አድርገሽ ወደተያዘበት አመልክቺ፣ ክሩን በእጅሽ ሳቢው፣ ቢበጠስ የሚበጠሰው ቀጭኑ ጫፍ ነው።