የሠርጉ ክትፎና የኅብረተሰብ ጤና ዲግሪ

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የጻፍሽልኝ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብዳቤሽ ረዘም ያለ ነው። ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፦ «የኅብረተሰብ ጤና መማር እፈልጋለሁ። በኢንተርኔት ያየሁት የአሜሪካ ኮሌጅ የትምህርት ዝርዝር ስታትስቲክስና ፖሊሲ የበዛበት ነው፤ በሽተኛ የሚባል ነገር የለበትም። የጎረቤታችን ልጅ ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ያመጣው ዝርዝር ግን ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ማዋለድ ሁሉ አለበት። የትኛውን ልመን? ሒሳብ አልወድም። እናቴ ደግሞ ‹ዶክተር መሆን ካልቻልሽ ነርስ ሁኚ፤ ይህ ስሙ የማይታወቅ ነገር ምንድን ነው?› ትለኛለች። በግል ኮሌጅ ብማርስ?»

ሁለቱንም እመኚ። ዝርዝሮቹ ያልተመሳሰሉት የሚያፈሩት ባለሙያ ስለማይመሳሰል ነው። የአሜሪካው ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ የአራት ዓመትና የ120 ክሬዲት ትምህርት ሲሆን፣ ምሰሶዎቹ ባዮስታትስቲክስ (የጤና መረጃ ስሌት)፣ ኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ በሕዝብ መካከል እንዴትና ለምን እንደሚሰራጭ የሚያጠና ትምህርት)፣ የአካባቢ ጤና፣ የጤና ፖሊሲና አስተዳደር እንዲሁም የማኅበራዊና የባህርይ ሳይንስ ናቸው። ተመራቂው መረጃ ይተነትናል፣ ፕሮግራም ያቅዳል፣ ሕዝብ ያስተምራል። በሽተኛ አያክምም።

የእኛው ከሥሩ ሌላ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት በአገሪቱ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ የተፈለገው ገጠር ወርዶ የሚያክምም፣ ወረርሽኝ የሚከላከልም ሰው ነው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) እዚያ ጎን ለጎን ሠለጠኑ። ዛሬም በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ «ኅብረተሰብ ጤና» ሲባል ጤና መኮንን ማለት ነው። ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው፦ ጤና ጣቢያ ሄደው «ዶክተሩ አየኝ» ብለው ሲመለሱ፣ ያ «ዶክተር» ብዙ ጊዜ ጤና መኮንን ነው። ስሙን አያውቁት ይሆናል እንጂ ሰውየውን ያውቁታል።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የመጀመሪያው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሁሉ የሚጋራው ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ሌሎችም። ብዙ ልጆች «ታሪክ ለጤና ምን ይሠራል» ብለው ችላ ይሉታል። ምደባው ግን በውጤት ፉክክር ነው፤ በታሪክ የመጣ ሲ አማካይ ውጤትሽን ከማውረድ አይመለስም። ጤና የሚፈልገው ልጅ ብዙ ስለሆነ፣ በነጥብ ሽርፍራፊ የምትፈልጊው ክፍል ሊያመልጥሽ ይችላል።

ቀጥሎ መሠረታዊ የሕክምና ሳይንስ ይመጣል፦ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ፓራሲቶሎጂ፣ ፓቶሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ። ሽምደዳ ነው፤ ላባብልሽ አልፈልግም። ከዚያ በሆስፒታል የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ የማህፀንና ጽንስ፣ የአእምሮ ጤና እየተዘዋወርሽ ትሠሪያለሽ። ሌሊት ተረኛ ሆነሽ ታድሪያለሽ። ደም ሲያዩ የሚዞርባቸው ልጆች አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ይለምዱታል፤ እኔ ከነዚያ አንዱ ነበርኩ።

ያስፈራሽ ሒሳቡ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ልበል። ባዮስታትስቲክስና ኤፒዲሚዮሎጂ የዚህ ዲግሪ አከርካሪ ናቸው፤ ዞረሽ የምታልፊባቸው መንገድ የለም። እኔ በመጀመሪያው የባዮስታትስቲክስ ፈተና ከ30 ያመጣሁት 11 ነው። ቀመሩን ሸምድጄ ጥያቄው ስለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ስለዚህ ቀመሩን ትተን ሰፈራችሁ ውስጥ ሠርግ እንደግስ።

በድንኳኑ 60 እንግዳ በላ እንበል። በማግስቱ 26 ሰው ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ሰፈሩ ሁሉ ጣቱን ክትፎው ላይ ቀሰረ። አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ ከብሎክ ብሎክ እየዞርሽ፣ የታመመውንም ያልታመመውንም ትጠይቂያለሽ። ያልታመመውን መጠየቅ ዋናው ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እርሱን ነው። ክትፎ የበሉት 40 ናቸው፤ ከእነርሱ 24ቱ ታመዋል፣ 60 በመቶ ማለት ነው። ካልበሉት 20 ሰዎች የታመሙት 2 ብቻ ናቸው፣ 10 በመቶ። 60ን ለ10 ስታካፍይ 6 ይመጣል፦ ክትፎ የበላ ሰው ካልበላው ስድስት እጥፍ ታሟል።

ክትፎው ተፈረደበት? ገና ነው። አንዲት ብልህ ሴት ብቅ ብለው «ክትፎ የበሉት እኮ ብርዙንም ጠጥተዋል፤ ብርዙ ደግሞ ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ከሮቶ በተቀዳ ውኃ ነው የተበጠበጠው» ይሉሻል። እውነታቸውን ነው፤ እንግዲህ ሁለቱን ልትለያያቸው ነው። ክትፎ ከበሉት 40 መካከል ብርዝ የጠጡት 30 ሆነው 18ቱ ታመዋል። ብርዝ ካልጠጡት 10 መካከል የታመሙት 6 ናቸው። ሁለቱም ጋ 60 በመቶ ነው። ብርዙ ተጨምሮም ሆነ ሳይጨመር የታማሚው ድርሻ ንቅንቅ አላለም፤ ጥርጣሬው ተመልሶ ክትፎው ላይ አረፈ።

ማባዛት፣ ማካፈል፣ ከዚያ ደግሞ ብልሁን ጥያቄ መጠየቅ፤ በየቤቱ እየዞሩ ላለመሰልቸት ትዕግሥትም አለ። በኋላ የሚመጣው ከበድ ያለ ነው፣ በኮምፒውተር የሚሠራም ብዙ ነው፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው። ሒሳብ አልወድም ስትይ ይህን ማለትሽ ነው ወይስ የ12ኛ ክፍሉን ካልኩለስ? ከላይ ያለውን ስታነቢ «ብርዙስ?» የሚለው ጥያቄ ከሴትዮዋ ቀድሞ ከመጣልሽ፣ አትፍሪ። ከሰለቸሽና ዓይንሽ ከዘለለው ግን የእናትሽን ምክር እንደገና አስቢበት፤ ነርስነት ከዚህ የሚያንስ ሙያ አይደለም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፍ። ሥነ ምግብ፣ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ የጤና ትምህርት፣ የጤና አገልግሎት አስተዳደር፣ የምርምር ዘዴ አሉ፤ መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ጥናት ትሠሪያለሽ። ከእነዚህ የአካባቢ ጤናን አትናቂው። በክፍለ ከተማችሁ በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ በተበከለው በአቃቂ ወንዝ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ያ አትክልት ገበያ ወጥቶ እኛው እንበላዋለን። እናንተ ዘንድ ትምህርቱ ከበር ነው የሚጀምረው።

የመስክ ልምምዱም እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። ጅማ በ1983 እ.ኤ.አ. የጤና ሳይንስ ተቋም ሆኖ ከተመሠረተ ጀምሮ ተማሪን ኅብረተሰብ መሀል አውጥቶ በማስተማር ይታወቃል። የልዩ ልዩ ጤና ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ከጤና ጣቢያ አጠገብ እየኖሩ የሚሠሩበት አሠራር በጎንደርም አለ። ዩኒቨርሲቲ ስትመርጪ ስለ ሕንፃው ሳይሆን ስለዚህ ጠይቂ።

ስለ ግል ኮሌጅ ያነሳሽውን በተመለከተ አንድ ነገር ያዢ። ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። ከዋና በር ላይ የተሰቀለ «ዕውቅና ያለው» የሚል ሰሌዳ አይበቃሽም፤ ኅብረተሰብ ጤና በዚያ ካምፓስ ተፈቅዶለት እንደሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጪ። ቅድመ ክፍያ ከፍለሽ ሳይሆን፣ ከመክፈልሽ በፊት። ይህን ሳያደርጉ አራት ዓመት የከሰሩ ልጆች ቢሮዬ መጥተው አልቅሰዋል።

መመረቅም በትምህርቱ ብቻ አያልቅም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ለማከም ደግሞ ከዚያ በላይ የጤና ባለሙያነት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እርሱም የራሱ ምዘና አለው። ሁለቱም ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የተማርሽውን ስለሚጠይቁ ደብተሮችሽን አትጣዪ።

ሥራውስ? ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ ጤና መኮንኖች ጥቂት አይደሉም፤ ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ አታለልኩሽ ማለት ነው። ያም ሆኖ ከዲግሪው በኋላ መንገዱ ሰፊ ነው። ወደ ኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ወይም ወደ መስክ ኤፒዲሚዮሎጂ መሄድ ይቻላል። እጃቸው ለቢላ የሚፈጥን ጤና መኮንኖች ደግሞ በተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ማዋለድ ሠልጥነው፣ ስፔሻሊስት በሌለባቸው ሆስፒታሎች ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ።

የምርጫ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት አንድ ማለዳ ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ጤና መኮንኑን በትሕትና ጠይቀሽ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የአሥሩ ዋና ዋና በሽታዎች ሠንጠረዥ ተመልከቺ። ከዚያም ክረምት ላይ የትኛው እንደጨመረ፣ ለምንስ እንደሆነ የምትገምችውን ጽፈሽ ላኪልኝ። የሚቀጥለውን ምክር ከዚያ መልስሽ ተነስቼ እጽፍልሻለሁ።